አሜን የሚጠብቅ እጅ

አባቴ መራቂ ናቸው። ቄስ አይደሉም፤ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበታቸውን ቁርጥማት የሚይዛቸው ገበሬ ናቸው። ነገር ግን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በእኛ አገር ሙሽራ ያለ እሳቸው አይሸኝም። ማኅበር ሲጠጣ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ አዲስ ቤት ሲገባ ሁሉም ዞሮ ወደ እሳቸው ያይና «እስቲ ይመርቁን» ይላል። ምርቃታቸው ይደርሳል ይባላል። እገሊት ወለደች፣ የእገሌ ልጅ ከበሽታው ተነሳ፣ የጠፋው በሬ ተገኘ እየተባለ ይወራላቸዋል። እኔ ይድረስ አይድረስ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለማውቅ ነው።

ሲመርቁ አይቸኩሉም። ቀኝ እጃቸውን ከተመራቂው ራስ ላይ ያሳርፉና አንድ ቃል ብለው ይቆማሉ። ሰው አሜን ይላል። ሌላ ቃል ይላሉ፤ ደግሞ ይቆማሉ። የተሰበሰበው ሁሉ አሜን ቢል አይበቃቸውም፤ የተመራቂውን አሜን ለይተው መስማት አለባቸው። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራው አፍሮ ይሁን ጠላው ከብዶት እንጃ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። አባቴ እጃቸውን ሳያነሱ፣ ነገሩንም ሳይቀጥሉ ጠበቁት። ዳሱ ሙሉ ሰው ጠበቀ። ከበሮ የያዘችው ሴት መዳፏን ከበሮው ላይ አስተኝታ ጠበቀች። በመጨረሻ ሚዜው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው «አሜን» አለ፤ ምርቃቱም ቀጠለ። ቤት ስንገባ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። ተመራቂው አሜን ካላለ ምርቃቱ የእሱ አይሆንም አሉኝ፤ ካለ ግን ተቀብሏል፣ ከዚያ ወዲያ አልፈልግም ማለት አይችልም። ያን ጊዜ ነገሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ለማንም የማይፈልገውን በግድ የማይሰጡ ሰው መስለውኝ ነበር።

እኔን ግን ሳይመርቁኝ ነው ወደ ዓረብ አገር የሄድኩት። መሄዴን ቤተሰቡ ተማክሮ የወሰነው ነው፤ እሳቸውም አሉበት። ችግሩ ስሜ ላይ ነበር። ያኔ የሙስሊም ስም የያዘች ልጅ ቪዛዋ ቶሎ ይወጣል ይባል ስለነበር፣ ደላላው አንድ ስም መርጦ ሰጠኝና ሻሽ አስሮ ፎቶ አስነሳኝ። ከእኛ አካባቢ የወጣን የክርስቲያን ልጆች ብዙዎቻችን የሄድነው በዚህ ዓይነት ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም። በምሄድበት ጠዋት የአባቴን ጉልበት ስሜ ራሴን ዝቅ ባደርግ እጃቸው አልመጣም።

«በሌላ ስም የምትወጣን ልጅ ማን ብዬ ነው የምመርቃት?» አሉ። «ስትመለሺ በስምሽ እመርቅሻለሁ።»

ሳልመረቅ ሄድኩ። የላክሁት ገንዘብ ግን ምንም ስም ሳያስቸግረው ቤታችን ደረሰ። የሣሩ ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ፤ ወንድሜ ጫማ አደረገ፣ ተማረ፣ ትምህርቱ ሲሰለቸው ተወ፤ በሬውም ተለወጠ። ያን ሁሉ ማን ልኮት እንደመጣ አድርገው እንደተቀበሉት አባቴን ጠይቄያቸው አላውቅም።

የገባሁበት ቤት ውስጥ ለእኔ የሚሆን ሰላምታ አልነበረም። ይህን ስል ሰው የዱላና የረሃብ ወሬ ይጠብቃል። አልመቱኝም፣ አላስራቡኝም። ብቻ እመቤቲቱ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ወጥታ ስታየኝ የመጀመሪያ ቃሏ ሥራ ነው፤ ምንጣፉ፣ ወጥ ቤቱ፣ የልጆቹ ልብስ። ማታም የመጨረሻ ቃሏ ሥራ ነው። እርስ በርሳቸው ግን ሰላምታ ያውቃሉ። እንግዳ ሲመጣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ በሩን ይዤ ስቆም ያ ሁሉ ሰላም፣ ያ ሁሉ የፈጣሪ እዝነት በራሴ ላይ አልፎ ይሄዳል። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ቃሉ እንግዳ አልሆነብኝም። እኛ አገር ክርስቲያኑም ሰው ሲያጽናና አብሽር ይላል፤ የበደለ እንደሆነ አፉ በሉኝ ይላል። ለዚህ ነው ይበልጥ ያመመኝ። ቋንቋው የማላውቀው ቢሆን ኖሮ ለእኔ እንዳልተባለ አይታወቀኝም ነበር።

ስልኬ ላይ የተቀዳ ቅዳሴ ነበረኝ። ልብስ ስተኩስ በጆሮ ማዳመጫ እከፍተዋለሁ። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል ሥራዬን አቁሜ በሹክሹክታ «ምስለ መንፈስከ» እላለሁ። ልጅ ሆኜ ቄሱ ያንን ሲሉ ከመቅደሱ ደጃፍ ወደ እኔ ለይተው የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ተቀድቶም ቢሆን ለእኔ ሰላም የሚል እሱ ብቻ ነበር፤ ለዚያ ሰላምታ ደግሞ ሰው እንዳይሰማኝ እየተጠነቀቅሁ ነው የምመልሰው።

እሑድ እሑድ ወደ ቤት ስደውል መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። አባ፣ ይመርቁኝ እላለሁ። ምርቃት በስልክ አይሆንም፣ እጅ ራስ ላይ ማረፍ አለበት፣ ነይና እመርቅሻለሁ ይሉኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን «ነይና» ይዤ ኖርኩ። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ጓደኞቼ ወርቅ ሲያስቡ፣ ከተማ ላይ ቤት ሲያስቡ፣ እኔ ሳህን እያጠብኩ የአባቴ እጅ ምን ያህል ይከብድ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ከሰው ሁሉ ራስ ላይ ሲያርፍ አይቼዋለሁ፤ ከእኔ ራስ ላይ ግን አላውቀውም።

በመጨረሻ ኮንትራቴን ጨርሼ፣ ላልመለስ ወስኜ መጣሁ። ለሆሳዕና ቤት ልደርስ ነበር ሐሳቤ። ደሴ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባልኩ ዘመድ ቤት ተቀመጥኩ። ሆሳዕና እዚያው ዋለች፤ በሰው ደብር ቆሜ የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ አሰርኩ። መንገዱ ሰኞ ተከፈተ። ሰኞ ደግሞ ሕማማት ገብቷል።

በሕማማት ክርስቲያን አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም፣ ሰላም አይባባልም። ቄሱም መስቀል አያሳልሙም፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አይሉም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠው ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በሰው አገርም፣ ሰላም የሚለኝ ሳይኖር፣ ጠብቄዋለሁ። ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት ሲገባ አንገቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። አቀስታ ስንደርስ ራሴን ተቆጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀች ሰው አንድ ሳምንት ቢጨመርባት ምን ትሆናለች አልኩ።

መካነ ሰላም መናኸሪያ ወንድሜ ይጠብቀኝ ነበር። ስሄድ ንፍጡን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነበር፤ አሁን ጢም አውጥቷል። እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ስቆ በአገጩ ወደ ባጃጁ አመለከተኝ። እናቴ ከአጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር። ስታየኝ ሮጠች፤ እኔም ሮጥኩ፤ ክንድ ሲቀረን ቆመች። እንባዋ ይወርዳል፤ እጆቿን ነጠላዋ ሥር አጣምራ ይዛቸዋለች። ከዚያ ሻንጣዬን ከወንድሜ ተቀበለችና ደረቷ ላይ አቅፋው ገባች። እኔ ከኋላዋ ተከተልኩ። ስምንት ዓመት የጠበቅሁትን እቅፍ ሻንጣዬ ወሰደው። ያን ጊዜ በሻንጣ ቀናሁ፤ አሁን ሳስበው እንኳ ያንገበግበኛል።

አባቴ ከስግደት የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። አርጅተዋል፤ ትከሻቸው ጋቢው ሥር ጠፍቷል። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ። «ቆይ ልጄ» አሉ፤ «ሕማማት ነው።» ከዚያ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ደሴ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ መንገደኛ መለስኩላቸው። ጾም ስለነበር ማንም አልበላም፤ ሁላችንም ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በፀሐዩ ከላያችን ይንጣጣ ነበር።

በዚያ ሳምንት ከእግዚአብሔር ጋር ብዙ ተጣላሁ። ሕጉ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ይሁዳ የሳመው ሊሸጠው ነው፤ እናቴ ብትስመኝ ማንን ልትሸጥ ነው? የእናትን መሳም ከከሃዲ መሳም መለየት እግዚአብሔርን ያቅተዋል ብዬ አላምንም፤ ያቃተው እኛን ነው። ሕግ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ፊቱ እንዴት እንደሚያርፍ አየሁ። አባቴ በዚያ ሳምንት ከእኔ ጋር ሲቀመጡ እረፍት ነበራቸው። ምን ልበላት የሚል ጭንቀት አልነበረባቸውም፤ ምንም ማለት አልነበረባቸውምና።

ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ወደ ወፍጮ ስወርድ ከእኛ በላይ ካለው ጎጥ የምትኖረውን ሙስሊም ጎረቤታችንን መንገድ ላይ አገኘኋት። እናቴ እኔን በወለደች ጊዜ ታማ ስለነበር ከልጇ ጋር አንድ ላይ ያጠባችኝ እሷ ናት፤ እማ እያልኩ ነው ያደግሁት። የተሸከመችውን እንጨት ከነገመዱ መሬት ለቀቀችው። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ዓይኔን፣ እጄን፣ እንደገና ግንባሬን ሳመችኝ። የጭስና የቅቤ ሽታዋ ያው ነው። እኔ መንገድ መሐል ቆሜ እንደ ሕፃን ነፈረቅሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ። «ለአገርሽ አፈር አበቃሽ። አብሽሪ ልጄ። እዚሁ ትዳር ያዢ፣ እዚሁ ውለጂ፣ እዚሁ እርጂ።»

አሜን አልኳት። ቀና ስል አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባለው ዳገት ላይ ቆመው ያዩናል። ለጎረቤታችን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ቤት ስገባ በሕማማት ተሳሳምሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሷ እኮ ሕማማት የላትም አባ አልኳቸው። አንቺ አለሽ አሉኝና ዳዊታቸውን ገለጡ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የሚሆን ባቄላ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሐሳቤን ነገርኳት። አልመለስም አልኳት። የድሮዋ እመቤቴ አሮጌ የስፌት መኪና ነበራት፤ የቤቱን መጋረጃ፣ የልጆቹን ልብስ ስጠግን ስፌት ለምጃለሁ። መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኪና ልተክል ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ከእናንተ ጋር አድራለሁ። ይህን ስላት የእናቴ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ። ደስ የሚላት መስሎኝ ፊቷን አየሁ። እሷ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን ነው ያየችው። ከዚያ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካውን ወንድሜን አየችው። እሱ ደጎሎ ላይ ልጅ አጭቷል፤ መካነ ሰላም የጀመረው ቤት ማገሩ ተመትቶ ክዳን ይጠብቃል።

«ለአባትሽ ከበዓሉ በኋላ ይነገራል» አለችና መልቀሟን ቀጠለች።

ከበዓሉ በኋላ እንዳልተነገራቸው፣ በዚያችው ዕለት ማታ እንደነገረቻቸው የገባኝ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን እግር ሲታጠብ ተሰልፌ ታጠብኩ። የቄሱ እጅ ተረከዜን ሲይዘኝ ደነገጥኩ፤ ከአገሬ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት ውስጥ የነካኝ ያ እጅ ብቻ ነበር። ስቅለት ዕለት ስግደቱ ሲያልቅ ሰዉን በወይራ ቅጠል ጥብጣብ ወደሚመቱት ወደዚያው ቄስ ሄድኩ። በደልሽ ምንድን ነው አሉኝ። በሌላ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ አልኳቸው። ቄሱ ወይራውን እንደያዙ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ይህንን አፍ አውጥታ የነገረችኝ አንቺ ብቻ ነሽ አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ይህንን ቤተ ክርስቲያን ክዳን ያለበሰው በእንዲህ ያለ ስም የመጣ ገንዘብ ነው። ጀርባዬን በቅጠሉ ዳሰስ አድርገው ስግደት ሳይጨምሩ አሳለፉኝ። ቢጨምሩብኝ ይሻለኝ ነበር። ለሌላው ሁሉ ኃጢአት ስግደት ተቆርጦለታል፤ የእኔ ግን ሁሉም የተጠቀመበት ስለሆነ የሚቆጣው ጠፋ።

ቅዳሜ ቄጤማው መጣ። ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ በየቤቱ ሲያድሉ እናቴ ለእኔ አንድ ዘለላ ተቀብላ አመጣችልኝና ራሷ ግንባሬ ላይ ልታስርልኝ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ራሴ አሰርኩት። ሰላም ተበሰረ ማለት ነው ቄጤማ። አባቴም አስረው በራፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናችን ሲገጣጠም ፈገግ አሉልኝ። ያቺን ፈገግታ ይዤ ፋሲካን ጠበቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳንመለስ፣ ከቅጥሩ ደጃፍ ላይ፣ እናቴ ያዘችኝ። የሳምንቱን ሁሉ፣ የስምንቱን ዓመት ሁሉ ሳመችኝ። ነጠላዬ በእንባዋ ራሰ። ወንድሜ ሳመኝ፤ ዘመድ ሁሉ ሳመኝ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። አባቴ ዘንድ ስደርስ እሳቸውም ግንባሬን ሳሙ። ያንቺን ምርቃት ግን ሰው ሲሰበሰብ አሉኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ለሰርግ እንደሚያደርጉት፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ ሊመርቁኝ ነው ብዬ ኮራሁ። በጉ ሲታረድ፣ ድፎው ሲቆረስ እኔ እየተንቆራጠጥኩ የእንግዳውን መሙላት አያለሁ።

ረፋዱ ላይ ቤቱ ሞላ። ሙስሊሟ ጎረቤታችንም እንኳን አደረሳችሁ ለማለት መጥታ ከበሩ አጠገብ፣ እናቴ በተለየ ዕቃ ያቀረበችላትን ቆሎ ይዛ ተቀምጣለች። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፤ እኔ ያመጣሁት ነው። ጠላቸውን ወደ ጎን አድርገው «ነይ» አሉኝ። ፊታቸው ተንበረከክሁ። እጃቸው መጣ። ከብዶ ሳይሆን ቀልሎ ነው የመጣው፤ መዳፋቸው ይሞቃል። ከዚያ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጠሩኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለዚህ ቀን ያበቃሽ አምላክ ይመስገን።»

አሜን አልን።

«ሞትን ድል ያደረገ ጌታ ሐዘንሽን ያርቅልሽ።»

አሜን።

«ያጎረሰን እጅሽ አይድረቅ።»

አሜን አልኩ፤ እንባዬ በአፍንጫዬ እየወረደ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ።

«መንገድሽን መልአክ ይምራው።»

የኑሮ መንገድ ነው ያሉት ብዬ አሜን አልኩ።

«በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ።»

ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። እኔ ዓይኔን ገለጥኩ። ከፊቴ የአባቴ ጉልበት አለ፣ አዲሱ ጋቢ አለ። የሰማሁትን በልቤ እንደገና ሰማሁት። ስሄድ ሊሉኝ ይገባ የነበረውን፣ ያኔ የነፈጉኝን፣ ተመልሼ ስመጣ ሰጡኝ። አልመለስም ያልኩት ነገር ደርሷቸዋል፤ መልሳቸውም ይህ ነው። ጠርተው ቢያናግሩኝ እከራከራቸው ነበር። አልሄድም እል ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ የስፌቱን ነገር አስረዳ ነበር። ለምርቃት ግን ከአሜን ሌላ የሚመለስ ቃል የለም፤ ይህን ከእኔ በላይ እሳቸው ያውቃሉ።

አባቴ ጠበቁ። እጃቸው አልተነሳም፤ ቃላቸውም አልቀጠለም። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴን ፈለግኳት፤ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ በጣቷ እየበጠሰች ነው። ቤት ሙሉ ሰው የኔን አሜን ይጠብቃል። ከበሩ አጠገብ ጎረቤታችን ብቻ አሜን ሳትል «ያ ረቢ» ስትል ሰማኋት፤ መዳፏ ላይ ያለው ቆሎ አልተነካም።

ያን ሙሽራ አስታወስኩት። እሱ ዝም ያለው አፍሮ ወይ ጠላው ከብዶት ነበር። እኔ ዝም ካልኩ አባቴ እጃቸውን ያነሳሉ። የማስበው ይህን ብቻ ነበር። ብዙ ዓመት የጠበቅሁት እጅ ራሴ ላይ አለ፤ ይሞቃል፤ ዝም ካልኩ ይነሳል፣ ሁለተኛም አይመለስም። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ አሜን አልኩ።

አባቴ ተነፈሱ፤ ትንፋሻቸው ፀጉሬን ነካው። ቀጠሉ። «የምታሠራሽን ሴት ልብ ያራራልሽ። በሰላም የምታናግርሽ ትሁን። ሄደሽ ግቢ።» እኔም በየመሐሉ አሜን እያልኩ ጨረስን። እጃቸውን ሲያነሱ ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ ነበር። ይወዱኛል፤ ይህን አልክድም። ቢጠሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ወዲያው ወንድሜ ደሴ ካለ ኤጀንሲ ጋር አስቀድሞ መነጋገሩን፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንደምጠበቅ ነገረኝ። ሰው ሁሉ ድፎውን እየበላ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

ምርቃታቸው ደርሷል። አሁን ያለሁበት ቤት እመቤት ሩኅሩኅ ሴት ናት። ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ መጀመሪያ እንዴት አደርሽ ትለኛለች፤ ቆማ መልሴን ትሰማለች። ሌሎቹ ልጆች ዕድለኛ ነሽ ይሉኛል። የምትጠራኝ ፓስፖርቴ ላይ ባለው ስም ነው። አባቴ የመረቁት በክርስትና ስሜ ነበር፤ የደረሰው ግን ለዚያች ለሌላዋ ነው።

እሑድ እሑድ እደውላለሁ። የእናቴን ወገብ፣ የዝናቡን ነገር፣ የወንድሜን ቤት እጠይቃለሁ፤ ክዳኑ ወጥቷል። አንድ ቀን አባቴ እንዴት ያለች ሴት ናት፣ በደህና ትይዝሻለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናት አባ፣ ሰላም ትለኛለች አልኳቸው። ተመስገን አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። ከዚያ ስልኩን አልዘጉም፤ የድሮ ልመናዬን የሚጠብቁ መሰለኝ። ደህና ይሁኑ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይመርቁኝ አልላቸውም።